ላልጠየቀች የሚሰጥ ቃል

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 2፣ 1997

መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አንሥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ በመክተቴ ዛሬ ያልጠበቅኩት ቁጣ ወረደብኝ። ሲኞራ አሱንታ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ልባቸው ደክሟል፣ ደረጃ አይወጡም። ድምፃቸው ግን ምንም አልሆነም። መጥረጊያው ተገልብጦ፣ ጭራው ወደ ላይ ሆኖ መቆም አለበት አሉኝ። ጠንቋይ ሴት ልትገባ ስትመጣ ጭራውን አንድ በአንድ ሳትቆጥር ማለፍ አትችልም፤ ቆጥራ ሳትጨርስ ይነጋባታል። ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ እዚህ የላከኝ ቤት ላጸዳና ምሳ ላሞቅ ነው፤ ስለ ጠንቋይ የነገረኝ ሰው የለም። መልሼ አቆምኩት።

ጣሊያናዊት ናቸው፣ ቤኔቬንቶ ከሚባል ከተማ አጠገብ ካለች መንደር። ኖርዌጂያን መርከበኛ አግብተው መጡ፣ ባልየው ሞተ፣ እሳቸው ኦስሎ፣ ግሮንላንድ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ። የምንግባባው በኖርስክ፣ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ ነው፣ ሁለታችንም እየሰባበርነው። ኖርስክ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው። እዚህ ስጽፍ ግን እጄ «እሷ» ለማለት እምቢ አለኝ።

ጠዋት ራሴን አሞኝ ነበር። ፊቴን አይተው አስቀመጡኝ። ሳህን ላይ ውሃ አደረጉ፣ ጣታቸውን ዘይት ውስጥ ነክረው አንጠባጠቡበት። ጠብታዎቹ ተበታተኑ። «ዓይን አርፎብሻል» አሉኝ። አፌ አያርፍም፣ እኛ አገር ቡዳ ይባላል አልኳቸው። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ግንባሬ ላይ መስቀል እየሠሩ የሆነ ነገር አንሾካሾኩ። ተሻለኝ። ትራም ላይ ክኒን ውጬም ነበር፤ ስለዚህ የቱ እንዳሻለኝ አላውቅም።

ሌላም አለ። መስኮቱ ላይ ያለውን ተክል ላጠጣ ስነካው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጤና አዳም! ኦስሎ፣ በረዶ ወርዶ፣ ጤና አዳም። ለሆድ ቁርጠትም ለቡዳም ነው አልኳቸው። ሲኞራ አሱንታ ከሸሚዛቸው ሥር የብር ጌጥ አወጡ። የጤና አዳም ቅርንጫፍ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ጨረቃ፣ ቁልፍ፣ እጅ፣ ዓሣ ተሠርቶበታል። በአገራቸው ሕፃን ሲወለድ አንገቱ ላይ ያስሩለታል። እኛ ክታብ እንደምናስረው ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ጥሩ ነው መጥፎ?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 3

ምን ነክቶኝ ነው? አፌን በቆረጠው።

ዛሬ አልጋቸውን ሳነጥፍ ስለ ቃላቱ ነገሩኝ። ከዘይቱ ጋር የሚባሉት ቃላት ከእናታቸው የመጡ ናቸው፣ ለእናታቸው ከአያታቸው። አይጻፉም። ከሴት ወደ ሴት በአፍ ይሄዳሉ፣ ያውም በጌታ ልደት ዋዜማ ብቻ። ደግሞ ለጠየቀች ሴት አይሰጡም። ከጠየቀች አበቃ፣ ለዘላለም። እሳቸውም ሳትጠይቅ የምትገባ ሴት ሲጠብቁ አረጁ። «አንቺ ትናንት ዘይቱን አየሽ፣ አልሳቅሽም፣ አልጠየቅሽም። ሰው ሳገኝ ደግሞ ዋዜማው አመለጠኝ» አሉ። ዲሴምበር ሃያ አራት ማታ ሆስፒታል ሽቦ ተሰክቶባቸው ተኝተው ነበር። ለሚመጣው ዓመት እደርሳለሁ ብለው አያስቡም። ሐኪሙም የሚያስብ አይመስለኝም።

አሳዘኑኝ። ትራሱን መታ መታ እያደረግኩ አስተካክላለሁ። ይኼኔ ብስኩት ዘረጉልኝ። ቅቤ አለበት፣ ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። እስከ መቼ? እስከ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ የልደት በዓላችን ነው።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እጃቸው ብስኩቱን እንደያዘ ቀረ።

«ጌታ በእናንተ ዘንድ ገና አልተወለደም?»

አልተወለደም ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? አማተቡ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ። እንግዲያው ዋዜማው ሰኞ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ያንቺ የሥራ ቀን ነው አሉኝ። እሺም እምቢም አላልኩም። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከምኖርበት ሰፈር እስከ አመሩድ ድረስ እሱን ሳብሰለስል መጣሁ። ጸሎት ከሆነ ምን ቸገረኝ? ጥንቆላ ከሆነስ? እኔ ጾም ላይ ያለሁ ሴት፣ በገዛ ጾሜ ጉድ አመጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 4

ሲልቪያ ቡና ልጋብዝሽ ብላ ግሮንላንድ ጣቢያ አጠገብ ተገናኘን። የሲኞራ አሱንታ አንድያ ልጅ ናት፣ ቬስትሊ በሚባል ሰፈር አስተማሪ ናት፣ አርባዎቹን አጋምሳለች። ጆሮዋ ላይ የጨረቃ ጉትቻ አለ። እናቴን ስለምትንከባከቢ ልታውቂ ይገባል ብላ ጀመረች። እንዳትደነግጪ አለችኝ። የእናቷ ነገር ጥንቆላ ቢባልም ክፉ አይደለም፣ የድሮ ሃይማኖት ነው፤ የጨረቃና የጫካ አምላክ የሆነች ዲያና የምትባል ሴት ነበረች። ቄሶቹ ሲመጡ መንደርተኞቹ ማርያም ብለው ሸሸጓት። ሲልቪያ ራሷ ጨረቃ ስትሞላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጫካ ሄዳ ሻማ ታበራለች፣ ይዘምራሉ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ነው የተማረችው። የብሩ ጌጥ ሦስት ቅርንጫፍ ያለውም አምላኳ ሦስት መልክ ስላላት ነው አለችኝ።

ተናደድኩ። ማርያም የማንም መሸሸጊያ አይደለችም አልኳት፣ ትንሽ ጮክ ብዬም ነበር። ጨረቃዋንም ቢሆን ሲኞራ አሱንታን ጠይቄያቸዋለሁ፣ የእመቤታችን እግር ሥር ያለችው ጨረቃ ናት ነው ያሉኝ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ላይ አለች። ሲልቪያ አልተከራከረችም፣ ፈገግ አለች፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ቤት ስደርስ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የሰፈራችን ሴቶች ግንቦት ልደታን የሚያከብሩት የት ነበር? ዋርካው ሥር። ንፍሮው ለማርያም ነው፣ ግንዱ የሚቀባው ቅቤስ? አድባሪቱ ትቀበለን ይሉ ነበር፣ በዚያው አፍ። ማንም ግራ ሲገባው አላየሁም። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ከመለያየታችን በፊት ያለችኝ ግን ከሁሉም በላይ ሆዴን በላው። ሰባት ዓመቷ ሆኖ፣ ትኩሳት ይዟት፣ እናቷ ግንባሯ ላይ ሲያንሾካሹኩ «እማማ፣ ምን እያልሽ ነው?» አለቻቸው። ይኸው ነው። ጠየቀች ተባለ። እናትየው ያን ሌሊት አለቀሱ፣ እሷ ለምን እንዳለቀሱ የገባት ካደገች በኋላ ነው። በቃላቱ ፋንታ መጽሐፍ ያነበበችው ለዚህ ይሆን? ስለ ሰኞ አልነገርኳትም። የሰው ርስት ሊወስድ እንደተዘጋጀ ሌባ ቡናዬን ጠጥቼ ተነሣሁ።

ማታ ለእታለም ግማሹን ነገርኳት። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ የምተኛውም እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ሳህን እያጠበች ሰማችኝ። «ናይ፣ አይሆንም። እዚህ ቤት ጥንቆላ አይገባም» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ከተቀበልሽ ሻንጣሽን ይዘሽ እዚያው ሂጂ።» እታለም ሁለት ጊዜ አትናገርም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 5

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጠብቄ ያዝኳቸው። ለቅዳሴ የተዋስነው አዳራሽ ይቀዘቅዛል፣ ካፖርታቸውን ደርበው ቆሙልኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ዘይቱን፣ ጤና አዳሙን፣ ዋዜማውን፣ ዲያና የምትባለውን። ቃሉ ምን ይላል አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፣ ቃሉን አንቺም አታውቂው እኔም አላውቀው አሉ። «የማታውቂውን ቃል አትድገሚ» ብለው ባርከው አሰናበቱኝ።

እሺ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። በመንገድ ላይ ግን ውዳሴ ማርያም ትዝ አለኝ። የኔታ ፊት ተቀምጬ በግዕዝ በቃሌ ስወጣው ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አንዱንም ቃል አላውቀውም ነበር። ዛሬም ግማሹን አላውቀውም። ሲጨንቀኝ ግን እሱን ነው የምደግመው፣ ደግሞም ይቀለኛል። ይህን ለአባ መንገር ነበረብኝ። የሚነገረው ነገር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ከተሳለምኩ በኋላ ነው።

ወስኛለሁ። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፣ አልቀበልም እላቸዋለሁ። እታለምም አባም አንድ ላይ የተስማሙበት ነገር ሌላ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። እንቅልፍ ግን የለም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ተቀበልኩ።

ልከልክላቸው ነው የሄድኩት፣ እውነቴን ነው። በሩ ላይ ካልሲ ተሰቅሏል። በአገራቸው ትናንት ማታ በመጥረጊያ የምትበር አሮጊት ለልጆች ስጦታ ታመጣለች፣ ላጠፉት ከሰል። ለእኔም ከሰል የሚመስል ጥቁር ስኳር አስቀምጠውልኛል። ቅቤ የለውም፣ ጠይቄያለሁ አሉኝ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል?

ቤቱን አጸዳሁ፣ ሾርባ አሞቅኩ፣ ንግግሬን በሆዴ አዘጋጀሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በእኛ ዘንድ ቀን የሚገባው ከዋዜማው ምሽት ነው፣ እዚህ አገር ደግሞ ምሽቱ አይዘገይም። ስለዚህ ዋዜማው ገባ። ሲኞራ አሱንታ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ወንበራቸው ላይ ይጠብቁኛል። ሙሽራ ይመስላሉ።

ልጅዎ ናት የሚገባት አልኳቸው። አውቃለሁ አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያኔ ነው ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከአፌ የወጣው፣ እኔ ከወሰድኩ በኋላ ለማን ነው መስጠት የምችለው አልኳቸው። ከእኔ ከወጣ በኋላ ያንቺ ነው አሉ፤ በልደት ዋዜማ ለፈለግሻት ሴት ትሰጫለሽ፣ ላልጠየቀችሽ።

«እኔን ላልጠየቀችኝ?»

«አንቺን ላልጠየቀችሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ እጄንም ያዙኝ። ሲልቪያ የጠየቀችው እናቷን ነው። እኔን አልጠየቀችኝም። እስካሁን። ቀድመው አስበውበት ይሁን ያን ሰዓት የገባቸው፣ ፊታቸውን አይቼ አልለየሁም። እንዳትጠይቀኝ ልንገራት ወይ አልኳቸው። አይሆንም፣ አትጠይቂ ብሎ መምከርና መጠየቅ አንድ ነው አሉ።

ቃላቱ አጭር ናቸው። የመንደራቸው ቋንቋ ነው፣ ጣሊያንኛ ለሚያውቅ ሰው እንኳ አይገባውም ይላሉ። ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እሳቸው ሲሉ እላለሁ፣ እንደ የኔታ ቤት፣ ሲሉ እላለሁ፣ ስሳሳት ያርሙኛል። ቶሎ ያዝኩት፣ ተገረሙ። ማርያምን ጠብቄ ነበር፣ አላገኘኋትም። ዲያናንም ጠብቄ ነበር፣ እሷም የለችም። በመሃሉ የሴት ስም የሚመስል አለ፣ የማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈራሁ።

እዚህ አልጽፋቸውም። ስጨርስ ሲኞራ አሱንታ ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው «አሁን ቀለለኝ» አሉ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ትንሽ ቆየሁ። መጥረጊያውን አላነሣሁትም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7፣ ልደት

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ትንሽ ተኛሁ። ቆርቤ አይደለም፣ አልደፈርኩም። ለአባም ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

እታለም ልደትን ያከበረችው ከፈረንጆቹ ጋር ነው፣ ለእኔ ብላ ግን ዶሮ ሠርታለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ሻንጣዬን በዓይኔ እየፈለግኩ ነው የነገርኳት። ማማሰያውን አስቀምጣ እጇን ራሴ ላይ ጫነች፣ ያ ቃል ከእኔ እንዲነቀል በኢየሱስ ስም ጮክ ብላ ጸለየች። አሜን አልኩ፣ ከልቤ ነው አሜን ያልኩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ፣ በሹክሹክታ ሞከርኳቸው። ሁሉም አሉ። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ ደነገጥኩ።

ስወጣ እታለም «ለቀቀሽ?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ «ብዪ፣ ይበርድብሻል» አለች። ስለ ሻንጣው አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። የእግሩን ቅልጥም ያጎረሰችኝ እሷው ናት።

ስልኩ ሲጮህ እያጠብኩ ነበር። ሲልቪያ ናት። እናቴ ነገረችኝ አለች። ከዚያ ዝም። ስለ ቃላቱ ከጠየቀችኝ በአንድ ጥያቄ ሁሉም ያልቃል፣ እናቲቱ አርባ ዓመት ያለቀሱበት ነገር ሁለተኛ ጊዜ ይዘጋል፣ እኔ ደግሞ ዝም በይ ማለት እንኳ አልችልም። ስልኩን ልዝጋ? ብዘጋው ትከፋለች። በሆዴ እመቤቴ፣ አፏን ያዢልኝ አልኩ። የትኛዋ እንደሰማችኝ እንጃ። ሲልቪያ አየር ስትስብ ይሰማኛል።

«ጾም ፈታሽ?» አለችኝ።

ፈታሁ አልኳት። ምን በላሽ አለች፣ ዶሮ አልኳት። እናቷ ዛሬ ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጥተዋል፣ ሐሙስ ስትመጪ ጤና አዳሙን አጠጪልኝ አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሰናብታኝ ከዘጋች በኋላ እጄ አረፋ እንደሆነ ስልኩን ይዤ ቆምኩ።

መጠየቅ እንደሌለባት ያወቀች ይመስለኛል። ላታውቅም ትችላለች። እስከ ሌላው ልደት አሥራ ሁለት ወር አለ፣ እኔም በየቀኑ ደውላ ስለ ምግብ ብትጠይቀኝ አልሰለችም።