ለማኅበሩ ሰብሳቢ፦ ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ

ለተከበሩ የብርቅዬ ውስኪ ቀማሾችና ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ካለፈው ዓመታዊ የቅምሻ ዝግጅት ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከቤት እንዳልወጡ፣ ለጠየቀዎትም ሁሉ «ብርድ መትቶኛል» እያሉ እንደሚመልሱ ሰምቼ እጅግ ተጨንቄአለሁ። ይህን ደብዳቤ ያለ ትኩሳትና ያለ ራስ ምታት፣ አንዲት ቃል ሳታመልጥዎ እንዲያነቡት ስለምፈልግ ፈጣሪ ምሕረቱን ቶሎ እንዲልክልዎ አጥብቄ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመላክ ፈንታ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ብርቅ ነገር በአንድ ሰው እጅ ተደብቆ መቅረት የለበትም፣ ሁሉም ሊያየው ይገባል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ለማያውቁኝ አባላት ራሴን ላስተዋውቅ። ሃያ ስድስት ዓመት በሳሙና ፋብሪካ የሽቶ መቀላቀያ ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራዬ እያንዳንዱ ዙር ምርት ወደ ቅርጽ ማውጫው ከመግባቱ በፊት ማሽተትና «ይለፍ» ወይም «ይደፋ» ማለት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከላይ ተቀምጦ ቁልቁል ስለሚያይ ባልደረቦቹ አሞራው ይሉት ነበር። አንድ ሸሚዝ ስድስት ዓመት የሚለብስ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከመርከብ መሐንዲሶችና ወጥ ቤቶች አንድ በአንድ የገዛቸውን አርባ አንድ የውስኪ ጠርሙሶች በመኝታ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሞ፣ ፀሐይ እንዳያገኛቸው በወፍራም መጋረጃ ጋርዶ ይጠብቃቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከባድ ሕመም አገኘውና ከአልጋ ሲነሣ ማሽተት ጠፍቶበት ተነሣ። ሳሙናም፣ ጭስም፣ የተቃጠለ ወጥም ለእሱ አንድ ሆነ። ጠርሙሶቹን ግን አልሸጠም። እሑድ እሑድ ከሰዓት ለሁለታችን ትንሽ ትንሽ ይቀዳል፤ እኔ አሽትቼ እነግረዋለሁ፤ እሱ በደብተሩ ይጽፋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እኔ የነገርኩትን ይጠጣል። ወንድሜ በመጨረሻ ዘመኑ ውስኪ የሚቀምሰው በእኔ አፍ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁሉ የሚሳሳለት ግን ያልከፈተው አንድ ጠርሙስ ነበረው። ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የውስኪ ፋብሪካ ከመጨረሻው በርሜል የቀዳው፣ በዓለም ላይ ሦስት መቶ ስድስት ብቻ የነበረ፣ የእሱ ቁጥር በእጅ «217» ተብሎ የተጻፈበት። ስድሳ ዓመት ሲሞላው ሊከፍተው ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር።

ልደቱ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው እርስዎ ወደ ቤታችን መጡ። እንዴት ያለ ክብር ነበር! ጠርሙሱን ለሦስት ሳምንት ዐውደ ርእይ እንዲያውሰዎት ጠየቁት። ወንድሜ መጀመሪያ እንቢ አለ። እርስዎ ግን ወንበራችን ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ የምጠጣው በዓይኔ ብቻ ነው» አሉት። ወንድሜ ከልቡ ሳቀ። ጠርሙሱን በገዛ ሹራቡ ጠቅልሎ ሲሰጥዎ አፍንጫው እንደማይሠራም በየዋህነት አጫወተዎት።

እነሆ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር፦

፩ኛ. ጠርሙሱን ቃል በገቡት ቀን ሳይሆን ከዚያ አንድ ቀን ቀድመው፣ ካርቶኑን እንኳ አቧራውን ጠርገው ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። በዚያ ዕለት ወንድሜ «ጨዋ ሰው» እያለ ሲያመሰግንዎት ዋለ። ከእነዚያ ምስጋናዎች አንዱንም መመለስ ባልችልም፣ እንዲያስታውሷቸው ብዬ እጽፋቸዋለሁ።

፪ኛ. ሕይወቴን ሙሉ ያላደረግሁትን ነገር እንዳደርግ ስላስቻሉኝ አመሰግናለሁ። የልደቱ ቀን ከምሳ በኋላ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ነበር። ወንድሜ በቢላዋ የጠርሙሱን አንገት ሰም ሲቆርጠው የሸተተኝ የሱቅ ሻማ ነው። ቡሹ ሳይታገል ወጣ። ቀዳልኝ፤ አሸተትኩ። የቀዘቀዘ ሻይ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ እና በየመንደሩ መሸታ ቤት የሚገኝ ተራ ውስኪ። ቀና ስል ወንድሜ ደብተሩን ዘርግቶ፣ እርሳሱን አሹሎ እንደ ተማሪ ይጠብቀኛል።

«በይ እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ንገሪኝ» አለኝ።

አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ከዚያ ዋሸሁ። የባሕር ጨው አልኩት። የቆየ የቆዳ ቦርሳ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ዝናብ ያጠፋው የእንጨት ፍም አልኩት። ሁሉንም ጻፈው። ተጎነጨ፤ ዓይኑን ጨፈነና «ሊጠበቅ ይገባው ነበር» አለ። «የቀረው ያንቺ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋው። በሦስተኛው ወር ወንድሜን ቀበርኩት። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ የተበላሸ ምርት «ይለፍ» ብዬ አላውቅም ነበርና፣ የመጀመሪያውን ለገዛ ወንድሜ እንዳሳልፍ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

፫ኛ. እሱ በሕይወት እያለ ጆሮው እንዳይገባ ብዬ ያፈንኩትን ጥያቄ ከሞተ በኋላ ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀት ይፈርሙ ነበርና ከወንበርዎ አልተነሡም። «እመቤት፣ አፍንጫዎ ሳሙና የለመደ ነው፤ ውስኪ ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ላይ ሐዘን ጣዕም ያጠፋል» ብለው በሩን በእስክሪብቶዎ ጠቆሙኝ።

በዚያው ደረጃውን ስወርድ የማኅበሩ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ተከተለችኝ። ግራ ቀኝ አይታ፣ «እትዬ፣ ሦስት ብርጭቆ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። በዐውደ ርእዩ ሁለተኛ ሳምንት ከሁለት እንግዶችዎ ጋር ቢሮዎን ዘግተው ሲጠጡ እሷ ኮሪደሩን ትወለውል ነበር። አንደኛው እንግዳ «ባለቤቱ ቢያውቅስ?» ሲል፣ እርስዎ «ሻይ ብንሞላለትም አያውቅም፤ ሰውዬው አፍንጫ የለውም» ብለው ሲሳሳቁ በጆሮዋ ሰማች።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ደረጃ ድረስ አዝኜ ነበር። ከደረጃው በኋላ ግን ሐዘኔን አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ።

ተራ ቁጥሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የሚቀጥለው የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ሥራ ነውና። ለማኅበሩ ይቅርታ የተሞላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አፍንጫዬ በእርግጥ ሳሙና የለመደ መሆኑን እንደተረዳሁ፣ ወንድሜ አንዴ ብቻ የቀመሰውን ጠርሙስ በዓመታዊው ቅምሻ ላይ ክቡር ሰብሳቢው ራሳቸው ለእንግዶች እንዲተነትኑልኝ በወንድሜ ስም እንደማበረክት ገለጽኩ። ደብዳቤውን ለእርስዎ ሳይሆን ለጸሐፊው ሰጠሁት። ጸሐፊው በጣም ተደስቶ፣ የእርስዎን ፎቶግራፍ ከጠርሙሱ ጎን አድርጎ በጥሪ ወረቀቱ ላይ አሳተመው። እኔ ደግሞ የክብር እንግዳ እንዲሆኑ አንድ አንጋፋ ቀማሽ ጋበዝኩ፤ ያንን ውስኪ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የጠጡ፣ ከእርስዎና ከሁለቱ እንግዶችዎ በቀር፣ በከተማችን እሳቸው ብቻ ናቸውና።

የቅምሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ እንዴት ያምር ነበር! እኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ነበር። እርስዎ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ጠርሙሱን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ መልሰው ጠርሙሱን አዩት። «ይህ ውስኪ አይደለም» ቢሉ፣ ከመከፈቱ በፊት በማን እጅ እንደነበር ይጠየቃል። ስለዚህ አሞገሱት። አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ሰዓቴን ይዤ ነበር። «ከጥልቁ ባሕር የሚነሣ ነፋስ» አሉ፤ «የተዘጋ ቤተ መጻሕፍት» አሉ፤ «ምላስ ላይ እየዘገየ የሚፈታ ማር» አሉ። አባላት ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ፤ አንድ ፋርማሲስት አባልማ «አዎ፣ አዎ፣ ማሩ ይሰማኛል» እስከ ማለት ደረሱ።

አንጋፋው ቀማሽ ግን አሸተቱ እንጂ አልጠጡም። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና በትሕትና፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ስኳር የበዛበት ሻይ አልወድም» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ፤ የጠርሙሱን ጉዞ ከሹራቡ እስከ ሻማው ሰም ተናገርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሽርጧን እንደታጠቀች እጇን አወጣችና «ሦስት ብርጭቆ ነው። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» አለች። እርስዎ «ብርድ መታኝ» ብለው ባርኔጣዎን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። (ልጅቱን ለማባረር እንዳይደክሙ፤ ከዝግጅቱ በፊት ተስማምታ፣ ከማግስቱ ጀምሮ በአንጋፋው ቀማሽ ቤት የተሻለ ሥራ ይዛለች።)

በቀል ባዶ ያስቀራል ብለው የመከሩኝ ብዙ ናቸው። እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔን አጠገበኝ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሁለት ሳህን በላሁ።

«ሰብሳቢ» የሚለውን ማዕረግዎን በተመለከተም እስከ ዛሬ ስብሰባ የሚመራ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ንብረት የሚሰበስብ ማለት እንደሆነ ስላስረዱኝ ደግሜ አመሰግናለሁ።

ለሥራዎ በሚመጥን ጥልቀት ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ ለማስታወስ የሚበቃ ያህል ረጅም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በማኅበሩ መዝገብ «አባል ያልሆነች እንግዳ» ተብዬ የተመዘገብኩት፣
የአሞራው እህት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
በቢሮዎ ለጠጡት ሁለት እንግዶች (ስማቸውን ለጊዜው በጨዋነት ይዤዋለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት ለዐውደ ርእይ በእርስዎ እጅ ያለፉትን ስድሳ ሦስት ጠርሙሶች አንድ በአንድ እንዳሸት መርጦኛል። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል። በተራ መዝገቡ አንደኛ የተመዘገቡት የባለቤትዎ አባት ናቸው፤ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ቀስ ብለሽ አሽቺው፤ ልጄም ቁጭ ብላ እንድትሰማ ይዣት እመጣለሁ» ብለውኛል።