የሞቴ ዜና እንዲስተባበልልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ አብኔዘር
የኢምፔሪያል ጀርባ ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብስ? እኔ ባለፈው ማክሰኞ እርስዎ ስለ እኔ ካወጡት ዜና በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በዕድሜ ልጄ ስለሆኑ አንተ ብልዎም የሚታዘበኝ አልነበረም። ነገር ግን የሰውን ሞት ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አንተ አይባልም ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሐሚዳ ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩት ከግሩፑ ስላስወጡኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ግሩፕ ነው። ሲቋቋም አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፣ ጉዳያችንም አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃ። የቧንቧውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማ ሰው «ውሃ መጣ» ብሎ ይጽፋል፣ ሰፈሩ ጀሪካኑን ያነሳል። ብዙውን ጊዜ የሚጽፉልን ነፍሳቸውን ይማረውና ጋሽ ገብረትንሣኤ ነበሩ። ዛሬ በእርስዎ ጥረት አራት ሺህ ሰው ሆነናል፤ ውሃ መምጣቱን ግን የምንሰማው ከሐሚዳ ነው።

ቅሬታዬን እንዳይጠፋብዎ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ጋሽ ገብረትንሣኤ ሰኞ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ለሰፈሩ እንዲነገርላቸው ስለጠየቁኝ፣ ሁለታችን ቦይ ስንጠርግ የተነሳነውን ፎቶ ላክሁልዎ። ከሥሩም «ኮፍያ ያደረጉት ሟቹ ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው፣ ባለ መነጽሩ እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ ኮፍያውን ቆርጠው ጣሉ፣ መነጽሩን አስቀሩ፣ ስሙንም ከላኪው ስም ላይ ገለበጡ። በፎቶዬ ዙሪያ ስላደረጉልኝ ጥቁር ፍሬም፣ ስለ ሁለቱ ሻማና ስለ ርግቢቱ አመሰግናለሁ። በሰርጌም እንዲህ አላማረብኝም። እኔ ያን ሰዓት ቦሌ ሚካኤል ቀብር ላይ ስለነበርኩ፣ የራሴን መርዶ የሰማሁት የሰው አስከሬን ሸኝቼ ስመለስ ነው።

2ኛ. ሦስት መቶ አርባ ሰው «ነፍስ ይማር» አለኝ። ሃያ ያህሉን ያን ዕለት ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ብያቸዋለሁ። አንዱ «በጣም መልካም ሰው ነበሩ። ቤታቸው ይከራያል?» ብሎ ጠይቋል። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታ በሩን ስከፍትላት «ውይ ጋሼ፣ ድንኳኑ የት ነው?» አለችኝ።

3ኛ. «አልሞትኩም» ብዬ ጻፍኩ። ግሩፑን የሚጠብቅልዎ ቦት የሚሉት ፕሮግራም ወዲያው አጠፋው፤ ለካ በሐዘን ሦስት ቀን ከ«ነፍስ ይማር» ሌላ መጻፍ ክልክል ነው። ደግሜ ጻፍኩ፣ ማስጠንቀቂያ መጣልኝ። ሦስተኛ «ኧረ እኔ ነኝ፣ መሐሪ፣ በቁሜ!» ብል፣ «በሟች ስም መቀለድ» በሚል ምክንያት እርስዎ ራስዎ አስወጡኝ። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖረን ኖሮ የት በደረስን።

4ኛ. ይህኛው ላይ መቀለድ አቅቶኛል። ልጄ ዕፀገነት ክፍለ ሀገር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሰፈሯ እንዳይናፍቃት ብዬ ግሩፑ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ነኝ። መርዶ በኛ ወግ እንዴት እንደሚነገር እናትዎን ይጠይቁ። ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚይዛት አስቀድሞ ይመከራል። ልጄ ግን ፈተና ልትገባ በር ላይ ተሰልፋ፣ ስልኳን ላጥፋ ስትል፣ ከርግብዎ ተረዳች። ፈተናውን ትታ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ደጋግሜ ብደውል አላነሳችም፤ በሟች ስልክ የሚደውል ሰው ለቅሶ ሊጠራኝ ነው ብላ። አምስት ሰዓት ሙሉ ስታለቅስ መጥታ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ጃኬቴን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ቀረች። አሁንም ዳቦ ልገዛ ስወጣ «አባዬ፣ የት ደረስክ?» ብላ ትደውላለች።

5ኛ. በሐዘን ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ እንደገና ይፈተናል፤ የትምህርት ክፍሏ ግን የሞት ማስረጃ አምጪ አላት። ማስረጃውን ያላቀረብኩበትን ምክንያት እርስዎም ይረዱልኛል። ለምነናቸው «እንግዲያው ዜናውን ያወጣው ሰው መሳሳቱን በስሙ ጽፎ ይመን፣ እስከ አርብ ይድረሰን» ብለዋል። ካልደረሰ ዓመቱን ትደግማለች። ስለዚህ ሃያ ሁለት ሰፈር ድረስ ፈልጌዎት መጣሁ። «ጋሼ፣ ማስተባበያ ካወጣሁ ሰው ግሩፑን አያምነውም። ፖስቱ ደግሞ በጣም ታይቷል። ትንሽ ይታገሱ፣ ሰዉ ይረሳዋል» አሉኝ። እኔ ሰው እንዲረሳኝ እኮ አልነበረም የመጣሁት! ቁጭ ብለው ከስልክዎ ቀና ሳይሉ ይህን ሲነግሩኝ ቀፈፈኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ግሩፕ ባሰብኩ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው፤ «ተሳስቻለሁ፣ አቶ መሐሪ በሕይወት አሉ፣ ያረፉት ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው።» ለእኔ ብለው አይጻፉት፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ለልጅቷ ይጻፉት። ለጋሽ ገብረትንሣኤም ይጻፉት፤ ዘጠኝ ዓመት «ውሃ መጣ» ላሉት ሰው ግሩፑ ውስጥ አንድም ሰው «ነፍስ ይማር» አላላቸውም። ወይዘሮ ዘርፌ የባላቸውን ፊት ፍለጋ ግሩፑን ሲያገላብጡ ያገኙት የእኔን ነው።

ማክሰኞ ከቀነሱብኝ ዕድሜ ላይ ለእርስዎ እንዲጨመርልዎ ከልብ የሚመኝ፣

መሐሪ ዘርአጽዮን
የቀድሞ አባልዎ፣ የአሁን ነዋሪ

ግልባጭ፦
— ለወይዘሮ ዘርፌ
— ለእድራችን
— ለልጄ የትምህርት ክፍል
— ላለቀሱልኝ ሦስት መቶ አርባ ሰዎች፣ ከምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ አያድርስና በእርስዎ ቤት ሐዘን ቢደርስ፣ ከርግብ አይሰሙትም። እኔና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ስሙንና ፊቱን ሁለት ጊዜ አጣርተን፣ በማለዳ፣ በእግራችን እንመጣለን። አጠገብዎ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።