በድምፅ ማጉያ የተሰማው ግጥም፦ የጋሽ ሬዲዮ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ ሬዲዮ የምንላቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲያዋልዱ የኖሩት እናታችን የበኩር ልጃቸውን ሲወልዱ ግን የደረሱላቸው ጎረቤት ናቸው። አባታችን በዚህ ሲቀልዱባቸው ኖሩ።

ወንድሜ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. ውትድርና ገቡ፤ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛም ሆኑ። በአንድ ውጊያ ላይ በሬዲዮ ሲያነጋግሩት የነበረ ጓዳቸው ድንገት ድምፁ ጠፋ። ቢጣሩ፣ ቢጣሩ መልስ አጡ። ይህንን ለዓመታት ለማንም አልተነፈሱም።

በ1976 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ተሰናብተው በመናኸሪያ የአውቶቡስ መነሻ አስተዋዋቂ ሆነው ተቀጠሩ። እዚያው ትኬት ይቆርጡ የነበሩትን ባለቤታቸውን በ1979 ዓ.ም. አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ቤቱ ግን ሰላም አልነበረም። ልጅ ተጠርቶ ወዲያው «አቤት» ካላለ ወንድሜ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ይጮኻሉ፤ ያገኙትን ይወረውራሉ። ሴቷ ልጅ ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለም ቢሆን «አቤት!» ማለት ለመደች። ወንዱ እልኸኛ ነው። በ2001 ዓ.ም. «ይሄ ቤት በቃኝ፣ ተመልሼም አልመጣ» ብሎ ሌላ ከተማ ሥራ ፈለገና ጓዙን ጠቀለለ። ትኬቱን የቆረጡለት እናቱ ናቸው፣ እያለቀሱ።

የዚያን አውቶቡስ መነሻ የማስተዋወቅ ተራ የወንድሜ ሆነ። ወንድሜ ማይክ አፋቸው ሥር ካልሆነ የልባቸው አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ በየመሀሉ ማይኩን እያጠፉ ለራሳቸው ግጥም ያጉረመርማሉ። ያን ቀን ማይኩ መከፈቱን የሚያሳየው ቀይ መብራት ተቃጥሎ ስለነበር ማይኩ የጠፋ መሰላቸው። የልጃቸውን መሄድ መናገር አቅቷቸው እንዲህ ሲሉ መናኸሪያው በሙሉ ሰማ፦

ትጥቄን ፈትቼ ሰጠሁ፣ ግምጃ ቤት መለስኩ፣
ጆሮዬን ማስረከብ እስከ ዛሬ አልቻልኩ።
ልጄን በተጣራሁ፣ መልሱ በዘገየ፣
ያ ጓዴ ነው ደግሞ ዝም ብሎኝ የቆየ።

የቀድሞ ወታደር የሆነ አንድ ሾፌር ዕንባውን እየጠረገ «ጋሽ ሬዲዮ፣ እንነሣ ወይስ የቀረ ስንኝ አለ?» ብሎ ጮኸ። ልጁ ከአውቶቡሱ ዘሎ ወርዶ ወደ አባቱ ክፍል ሮጠ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት ማይኩ የምር ጠፍቶ ነበር። በሳምንቱ ልጁ ወደ ሥራው ሄደ፤ የሄደው ግን ተመርቆ፣ ለበዓል እንደሚመጣም ቃል ገብቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ወታደሮች ቅዳሜ ቅዳሜ በመንገደኞች ማረፊያው እየተሰበሰቡ ግጥም ማሰማት ጀመሩ። ግጥም ሕመማቸውን ነቅሎ አልጣለውም። ወንድሜ እስከ መጨረሻው መልስ ሲዘገይባቸው ይደነግጡ ነበር፤ ግን ምን እንዳስደነገጣቸው መናገር ቻሉ፣ እኛም ከመፍራት ይልቅ አጠገባቸው መቀመጥን ተማርን። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በኋላ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ድምፃቸው ሲዳከም፣ ልጃቸው ጠቅልሎ መጥቶ ግጥሞቻቸውን አልጋቸው አጠገብ ያነብላቸው ነበር። ሰው እያወራ እንቅልፍ በዓይናቸው የማይዞረው ወንድሜ በልጃቸው ድምፅ ሸለብ ማድረግ ለመዱ። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላም እንደዚያው ሸለብ አደረጉ። ልጁ ግጥሙን ጨርሶ ቀና ሲል አርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውንና የቅዳሜ ጓደኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ በሄዱበትም ደጋግመው ሳይጣሩ የሚሰማቸው ይስጣቸው።