የዘሃራ አሥራ ሁለት ቆርኪዎች

የካቲት 26፣ ከሰዓት 9፡20
ዛሬም ቆርኪ። ሎጊያ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ቆርኪ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ አራት ክብ። እኩል አድርጋችሁ ደርድሩ አልኩ። ይሄ ያልገባው ልጅ ማባዛትን እንደ በቀቀን ቢሸመድድ ምን ይረባዋል?

ሁሉም ሦስት ሦስት። ዘሃራ ብቻ 5፣ 3፣ 2፣ 2። ሦስተኛ ቀኗ! ለምን ስላት አንገቷን ትደፋለች። ተናደድኩ። ወደ አንደኛ ክፍል ትመለስ የሚለውን ቅጽ ሞልቼ ለር/መምህሩ ሰጠሁ።

ግን ደብተሬ፣ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አምስቱ ሁልጊዜ እኔ የቆምኩበት በኩል ያለው ክብ ውስጥ ነው።

የካቲት 27
ሞከርኩ። በግራዋ ቆምኩ፤ አምስቱ በግራ። ዞሬ በቀኟ ቆምኩና እንደገና አስደረደርኳት፤ አምስቱ በቀኝ። ታዲያ ይሄ ስህተት አይደለማ! የሆነ ሕግ አላት። ምን ዓይነት ሕግ? ስብሰለሰል ዋልኩ።

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ነገ እኛ ጋ ነው የምታፈጥሪው ብላ ያዘችኝ። እሺ አልኩ። ስለ ቅጹ መናገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ።

የካቲት 28፣ ማታ 1፡30
እነዘሃራ ቤት። ወሎዬዎች ናቸው፣ ምግብ ቤት አላቸው። እነሱ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ፤ ተምር ለሁላችንም ይሆናል። ዘሃራ አሥራ ሁለት ተምር አራት ሳህን ላይ ታድላለች። የእኔ ላይ አምስት፣ የአባቷ ላይ ሦስት፣ የእናቷና የራሷ ላይ ሁለት ሁለት። ኧረ እኩል አድርጊው ስላት እናቷ ደነገጠች።

«ወላሂ አይሆንም ቲቸር! እንግዳ እንዴት ከቤት ሰው እኩል ይደርሰዋል?»

ክው አልኩ። ለካ ክፍል ውስጥም ድርሻዬን ስትሰጠኝ ነበር! ዛሬ እኔም የቤት ልጅ ነኝ፣ እንግዳ የለም አልኳት። እናቷን አየች። እናቷ እየሳቀች ፈቀደች። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሳትቆጥር አሥራ ሁለት አለች። አምስት ሳህን ቢሆንስ? አሥራ አምስት። ስድስትስ? አሥራ ስምንት!

ልስማት ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ቅጹ ትዝ አለኝ።

መጋቢት 1፣ ጠዋት 1፡50
ከምኖርበት ከሰመራ በመጀመሪያው ባጃጅ መጣሁ። ቅጹ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ለዘሃራም ተነግሯታል። በጽሑፍ ካልሻርኩት ዘሃራ ዛሬውኑ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ር/መምህሩ ልጅቷ ተሻሽላለች ብለሽ ጻፊ፣ ለስምሽም ይሻላል ይለኛል። እጄ እምቢ አለ። የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «ዘሃራ እኩል መመደብ ቀድሞም ታውቅ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ።

ደወሉ ሊደወል ነው። በመስኮት ትታየኛለች፣ ደብተሯን አቅፋ ቆማለች፣ የየትኛው ክፍል ሰልፍ ውስጥ እንደምትገባ አታውቅም፣ ልሩጥ