የተከፈተው ካሴት

ኅዳር 12 ቀን 1990፣ አሶሳ

ነገ ለምከፍተው የጌም ቤት የገዛሁትን ካሴት፣ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ዕቃ እያመጣ ለሚሸጠው ለአልመሐዲ ልመልስለት ሄድኩ። ሽፋኑ ላይ መቶ ጨዋታ ይላል። ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ብሞክረው አንድ የመኪና እሽቅድድም ብቻ በመቶ ስም ተደጋግሞበታል። ሰፈሩን ሁሉ ደግሞ መቶ ጨዋታ ብዬ ጠርቻለሁ።

«ወላሂ ሙላት፣ የተከፈተ ዕቃ መልሼ አልቀበልም» አለኝ።

«ቀን መብራት በሌለበት ከተማ ሳልከፍተው በምን ልየው?»

«እሱን ማታ ማታ ብቻ የሚነሳውን የከተማውን ጄኔሬተር ጠይቀው!»

ንግድ ቢሮ ሄጄ አመለከትኩ። «ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ደንብ አልወጣም» ብለው ሸኙኝ። ተናድጄ ሬዲዮ ወደምሸጥበት ሱቄ ገባሁ።

አመሻሽ ላይ መብራት እንደመጣ አልመሐዲ ራሱ ከች አለ። ጠዋት ከእኔ የገዛው ሬዲዮ አልናገር ብሎታል። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። ተከፍቷል።

«የካሴቱን ገንዘብ ይዘህ ና» አልኩት።