የሰኞ ትንፋሽ

አቃቂ፣ ሰኔ ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሳህሌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ክረምቱስ እንዴት ገባላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጥጥ ብናኝ በቀር የበዛብኝ ነገር የለም።

ሰሞኑን በሬዲዮ እንደሰማነው፣ ሁለት ሩሲያውያን ጠፈር ላይ ሰንብተው ሲመለሱ ሰውነታቸው የላዩን ኑሮ ለምዶ ኖሮ መሬት ከበዳቸው፤ መቆም አቅቷቸው በሰው ድጋፍ ወረዱ አሉ። ሐኪሞች ከበው ልባቸውን ያዳምጡላቸዋል። የክር ክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እሑድ ንጹሕ አየር ስስብ ውዬ ሰኞ ማሽኑ ዘንድ ስመለስ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። ድሮ ማክሰኞ ይለቀኝ ነበር፤ አሁን እስከ ቅዳሜ ይዘልቃል። የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር "ብርድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ብላ" ብሎ አሰናበተኝ። ለእኛ ደረት ጆሮ የሚሰጥ ማን አለ!

ፋብሪካ አስገባኝ ብለህ ስለጻፍክልኝ አለቃችን ዘንድ ሄጄ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ሳል ያዘኝ። እስኪለቀኝ ጠበቀና፣ "አምባው፣ ወንድም ካለህ ከወዲሁ አምጣው፤ ያንተ ቦታ ክፍት መሆኑ አይቀርም" አለኝ።

ወንድም የለኝም አልኩት።

እማዬን "ደህና ነው" በልልኝ። ያገርህን አየር አያሳጣህ።

ወንድምህ አምባው