መብራት ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ድንጋይ

እማዬ፣

አንቺን ቀብረን ከተመለስን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሰፈራችን ጊንጆ ደህና ነው። በራችን ፊት የነበረው ጭቃ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ ግቢያችን ድረስ ይገባል። መብራቱ ግን አመሉን አልተወም፤ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ይሄዳል።

ኢንሱሊንሽን እርጥብ አሸዋ በሞላው ሸክላ ውስጥ ታስቀምጪ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር የሚሞቅ ፍሪጅ አላምንም ብለሽ፣ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ስትነሺ ከውዱእ ትጥበትሽ የተረፈሽን ውሃ አሸዋው ላይ ታርከፈክፊ ነበር።

እኔም ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ሆኜልሻለሁ፤ ሳቂብኝ። ባሪየምና ቲታኒየም የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት ዱቄት ፈጭቼ፣ እንደ ሳንቲም ጠፍጥፌ በእቶን እተኩሳለሁ፤ መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ድንጋይ እንዲሆንልኝ። ሌሎች እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ይጨምሩበታል፤ እኔ ሰው ቤት ለሚገባ ነገር መርዝ አልፈልግም። የመጀመሪያውን ሳይበርድ አውጥቼው ጠረጴዛው ላይ ተሰነጠቀ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ትዪኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደህና የወጣውን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኘሁት። ኤሌክትሪኩ ሲደርሰው በውስጡ ያሉት የማይታዩ ቅንጣቶች ለኢድ ሶላት እንደቆመ ሰው ረድፍ ይይዛሉ፣ ድንጋዩም ይሞቃል። ሙቀቱ እስኪወጣለት ጠብቄ ኤሌክትሪኩን አጠፋሁት። ሶላት ሲያበቃ ሰው እንደሚበተን ቅንጣቶቹ ተበተኑ፤ ለመበተን ደግሞ የድንጋዩን የራሱን ሙቀት ወሰዱ። መለኪያው መጀመሪያ ከነበረበት በታች ወረደ። ጋዝ የለው፣ ሞተር የለው፣ ድምፅ የለው። ሱብሃነላህ ብዬ ተቀመጥኩ። ሂሳቡን አስቀድሜ ሠርቼው ነበር፣ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። አንድ ቁራጭ አፈር ይህን ሁሉ ሥርዓት ይዞ ዝም ብሎ ሲረገጥ ኖሯል።

ቅዝቃዜው ገና አንድ ዲግሪ አይሞላም፤ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳ አያቀዘቅዝም። ይህ የሚያሳስበኝ በታናሿ ልጅሽ በዘሀራ ምክንያት ነው። ከረመዳን በኋላ እሷም ስኳር እንዳለባት ተነገራት። አንቺን አይታ ስላደገች መርፌውን ራሷ ትወጋለች። ስለ ድንጋዩ ስነግራት ለእኔ ይደርሳል ወይ አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፤ አላውቅም አልኳት።

እማዬ፣ የማስብሽ መቃብርሽ አጠገብ ስቆም ብቻ አይደለም። በየሱብሂው ዱዓ አደርግልሽና ወደ እቶኔ እሄዳለሁ፤ ዱቄቱን በፈጨሁ ቁጥር ስምሽን አነሳለሁ። ላንቺ አልደረሰም። ለእሷ ይድረስ።

ልጅሽ ሰዓዳ